ፊቱን ስጠኝ

እናቴ ዘነበች ሥራዬን «ጥላ መሸጥ» ነበር የምትለው። ስለ ልጆቿ ሲጠይቋት «አያሌው ያርሳል፤ ፈንታው ቆቦ ላይ ጥላ ይሸጣል» ትላለች። አያሌው ስትል አንገቷ ቀና ይላል፤ ፈንታው ስትል ነጠላዋን ታስተካክላለች። ፈንታው እኔ ነኝ። ዋናው መንገድ ዳር፣ በጎማ ጠጋኙና በሻይ ቤቱ መካከል ያለችው ፎቶ ቤት የእኔ ናት። በዚያ በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት የሚያርሰው ልጇ የሚያርስበት በሬ አጥቶ፣ ለጓዳዋ ሽሮ የሚልክላት ጥላ ሻጩ ነበር። ይህን ግን ለማንም አትናገርም።

ፎቶ ቤቴ ውስጥ ደሴ ያሣልኩት መጋረጃ ተሰቅሏል። ሰፊ ሐይቅ፣ አንዲት ጀልባ፣ ሁለት ነጫጭ ወፎች አሉበት። በደጉ ጊዜ ሙሽራ ከነሚዜው ሐይቁ ፊት ይደረደርና እኔም «ፈገግ በሉ» እላለሁ። በዚያ ዓመት ግን ከዞብል ተራራ ሥርና ከየቆላው ተነቅሎ አስፋልቱ ዳር የፈሰሰው ሕዝብ በደጃፌ ሲያልፍ ወደ ውስጥ እያጮለቀ ሐይቁን ያያል። አንድ ሽማግሌ ገብተው በከዘራቸው መጋረጃውን ነካ ነካ አደረጉና «ይኸ ውኃ የት አገር ነው?» አሉኝ። «ሥዕል ነው አባቴ» አልኳቸው። ሆን ብዬ ያታለልኳቸው ይመስል ተቆጥተውኝ ወጡ። እውነታቸውን ነው። እንዲህ ባለ ዘመን ውኃ ሥሎ መስቀል ነውር ነው። አላወረድኩትም እንጂ።

ግራኝ ሆኜ ተወለድኩ። እናቴ ይህን እንደ በሽታ ነበር ያየችው። ገበታ ሲቀርብ ግራ እጄን ከወገቤ ጋር በጠፍር ታስራታለች፤ አምልጣ ወደ እንጀራው የሄደች እንደሆነ በማማሰያ ትቀጠቅጣታለች። «ግራ እጅ የሰይጣን ማንኪያ ነው» ትል ነበር። መብላቱን በቀኝ ለመድኩ፤ ሌላውን ሁሉ አልለመድኩም። አባቴም ጅራፉን በግራ ይዤ ከበሬዎቹ ኋላ ስቆም «ይኸ ልጅ እንስሶቹን ያስበረግግብኛል» ብሎ ደሴ ላከኝ። እዚያ የአንድ አርመን ፎቶ ቤት ወለል ስጠርግ ኖሬ ሙያውን ያዝኩ። እርሻው ለታናሼ ለአያሌው ቀረ። ከእርሻው ጋር እናታችንም ለእሱ ቀረች።

አያሌውና እኔ አንድ ፊት ነበርን። ግንባራችን፣ አፍንጫችን፣ የፊት ጥርሳችን ፍንጭት እንኳ ሳይቀር የአባታችን ነው። ገበያተኛው እኔን መንገድ ላይ አስቁሞ የአያሌውን በሬ ዋጋ ይጠይቀኝ ነበር። ልዩነታችን እሱ ይስቃል። በማይሳቅበትም ይስቃል። ለቅሶ ቤት ሄዶ ሳቅ አምልጦት በኩታው አፉን ይዞ የወጣበትን ቀን መንደሩ አይረሳውም። እናቴ ይህን ስታወራ ራሷም ትስቃለች። እኔ ብሆን ኖሮ በማማሰያው ነበር።

ድርቁ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አያሌው ማሽላውን ሸጦ ፎቶ ቤቴ ጎራ አለ። ሐይቁ ፊት አስቀመጥኩት። «ጀልባዋ ላይ ልውጣ እንዴ?» እያለ ይስቃል። አነጣጥሬ ቁልፉን ልጫን ስል አብራው ገበያ የወጣችው እናቴ እንደ ደራሽ ውኃ ገባች። ነጠላዋን ከነእጇ የካሜራዬ ዓይን ላይ ወረወረችው። «ዓይን ልታስበላብኝ ነው! ሠርቶ የሚያበላኝ ልጅ ነው፤ ጥላውን ወረቀት ላይ አስቀርተህ ባዶውን ልትልክልኝ!» አለች። አያሌው ሳቁ ብሶበት ከወንበሩ ወደቀ። እኔ ግን ጣቴ ቁልፉን ተጭኖት ነበር። ፊልሙን ሳጥበው ነጭ ብቻ ወጣ። የነጠላዋ ድርና ማግ፣ ከጥግ ሁለት ጣቶቿ፣ ከታች ደግሞ እንደ ነገሩ የአያሌው አንድ ጉልበት። መጣል ሲገባኝ በእልህ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በመጀመሪያው ዓመት ሰው «የዘንድሮስ ከፋ» አለ። በሁለተኛው ዓመት ምንም አላለም። በሬዎቹ አለቁ፤ ጠመንጃው ተሸጠ፤ ጋቢው ተሸጠ። አያሌው እናታችንን አዝሎ ከመንደር አስፋልቱ ዳር ወዳለችው ዋጃ አወጣትና ወደ ቆቦ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ጫናት። «አንተስ?» ብትለው «ቀንበሩን ለሌባ ጥዬማ አልመጣም፤ ደርሼ መጣሁ» አላት። በሬ የሌለው ሰው ለቀንበር ተመለሰ! ይህን የነገረችኝ እንደ ጀብዱ ነው።

እናቴ ከፎቶ ቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀመጠች። በየቀኑ ደጃፍ ላይ ወጥታ ወደ ዋጃ በኩል ታያለች። የመጣው አያሌው ሳይሆን ዘይኑዲን ነው፤ ዋጃ ላይ ጨው የሚነግድ፣ ሁለታችንንም የሚያውቅ ሰው። አሞሌውን ከደጅ አውርዶ እጄን ያዘኝ።

«ፈንታው ወንድሜ፣ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። «አያሌው አለፈ። ቀንበሩን ተሸክሞ አስፋልቱ ዳር ደርሶ ነበር። ተቀመጠ፤ አልተነሣም።»

«የት ቀበራችሁት?»

«ከሌሎቹ ጋር። አንድ ጉድጓድ ነው የተማሰው። ወላሂ፣ ለማንም መግነዝ አልነበረም። እኔ ስደርስ አፈሩን መልሰው ነበር።»

እናቴ ከበሩ ኋላ ቆማ ሰምታዋለች። ትጮኻለች ብዬ ተሰናዳሁ። እሷ ግን ወደ ዘይኑዲን ቀረብ ብላ «ምኑን አመጣህልኝ?» አለችው።

«ምንም የለ እናቴ። ቀንበሩንም አነደዱት።»

በእኛ አገር ሰው ርቆ ሲሞት ልብሱ ይዘረጋል፤ ጠመንጃው ካለ ጠመንጃው፣ ጋሻው ካለ ጋሻው መሐል ይቆማል። ያ ነው እንደ ሬሳ የሚለቀሰው። ፎቶ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ ይዞ ማልቀስ ተለምዷል፤ እንዲያውም ከገበያዬ ግማሹ ከዚያ ነበር። አያሌው ግን ልብስ የለው፣ ጠመንጃ የለው፣ መቃብር የለው። እናቴ ምንጣፏ ላይ ተቀመጠችና «ልጄ ሳይለቀስ እህል ከአፌ አይገባም» አለች።

ዋዛ መስሎኝ ነበር። አገር ሁሉ እህል እህል ሲል የእኔ እናት እህል እምቢ አለች። ለረሃብተኛው ከተከፈተው መጠለያ የተሰጠንን የፋፋ ገንፎ አፏ አጠገብ ሳደርስ ፊቷን ታዞራለች። ውኃ ብቻ ትጠጣለች። እንኳን ጾማ፣ በልታም የማትከርም ሴት ነበረች። ተቆጣኋት፣ ለመንኳት፣ ጎረቤታችንን እትዬ ጌጤን ጠርቼ አስለመንኳት። «ዘነበች፣ ስንቱ ሳይለቀስለት ቀረ! ያንቺ ብቻ ነው?» አለቻት ጌጤ። እናቴም «የስንቱን አላውቅም፤ የእኔን አውቃለሁ» አለች።

ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። «ፊቱን ስጠኝ።»

«የማንን?»

«የአያሌውን። የዚህን ሁሉ ሰው ፊት እየያዝክ ታስቀራለህ። የወንድምህን ስጠኝ።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ገብቼ ያቺን ነጭ ፎቶ አመጣሁና ጭኗ ላይ ጣልኩላት። «ይኸውልሽ አያሌው! ከነጠላሽ ሥር አለልሽ» አልኳት። አንስታ አየችው። ጣቶቿን አወቀቻቸው። ከዚያ ታች ያለችውን ብዥታ ነካ አድርጋ «ይኸ ጉልበቱ ነው?» አለች።

«ጉልበቱ ነው።»

«ጉልበት አይለቀስም» ብላ መለሰችልኝና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

እዚያው ቆምኩ። ደንበኞች ፀጉራቸውን የሚያበጥሩበት መስታወት ከፊቴ ነበር። ከመስታወቱ ውስጥ አያሌው አየኝ። ከስቶ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ የዘንድሮው አያሌው። ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ ለለቅሶ አይወጣም፤ በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜ የለውም ይላሉ። ዕድሜ! በዚያ ዓመት ዕድሜን ማን ይሰስታል? የጎደለኝ የገበሬ ልብስ ብቻ ነበር።

መጠለያው ሄጄ የወንድሜን ቁመት የሚያህል ሰው ፈለግሁ። ቀዬው ወዲያ ከጎሊና ወንዝ ማዶ የሆነ አንድ ገበሬ አገኘሁ፤ በሬዎቹ አልቀው ጅራፉ ብቻ ቀርቶታል። ኮቴን አውልቄ ሰጠሁትና እጀ ጠባቡን፣ ፎጣውንና ጅራፉን ጠየቅሁት። ልብሱን ቶሎ ሰጠኝ። ጅራፉን ግን ያዝ አድርጎ «ይመለስልኛል?» አለኝ። «ይመለስልሃል» አልኩት። በማግስቱ ልመልስለት ስሄድ ኮቴን ቃሬዛ ላይ አየሁት። ቁልፎቹ ሁሉ በወጉ ተቆልፈዋል። ጅራፉ እኔው ዘንድ ቀረ።

ፎቶ ቤቱን ዘጋሁ። መጋረጃውን ገልብጬ በጀርባው ሰቀልኩት፤ አያሌውን ሐይቅ ፊት ላስቀምጠው አልደፈርኩም። ካሜራዬ ከጎኗ ያለችውን ሌላ ቁልፍ ስትጫናት ትንሽ እያጉረመረመች ቆይታ ራሷ የምታነሣ ናት። ፎጣውን ጠመጠምኩ፣ ጅራፉን ያዝኩ፣ ቁልፏን ተጭኜ ሮጬ ተቀመጥኩ። ሳቅኩ። አያሌው የሚስቀውን ሳቅ ነው የሳቅኩት፤ ጥርሴን፣ ፍንጭቴን አሳይቼ።

በጨለማው ክፍል ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ከተትኩት። ፎቶ ሲታጠብ መጀመሪያ የሚመጣው ጥቁሩ ነው፤ ፎጣው ሥር ያለው ጥላ፣ አፍንጫው፣ የአፉ ውስጥ። ዓይን ቆይቶ ነው የሚመጣ። ዓይኑ መጣ፤ አልሳቀም። ጥርሱ የአያሌው ነው፣ ከጥርሱ በላይ ያለው ሁሉ ሌላ ሰው ነው። ጥርሱን የታመመ በሬ የሚሸጥ ደላላ እንኳ እንዲህ አይስቅም።

ደግሜ ተነሣሁ። ባሰ። የደሴው አርመን ለመታወቂያ ካነሣኝ ጉርድ ፎቶ በቀር ፊቴን በወረቀት አይቼው አላውቅም ነበር። የሌላውን ፊት ሳጥብ፣ ሳሳምር፣ ሽብሽቡን በእርሳስ ስደልል ኖሬ የራሴን ያየሁት ያን ቀን ነው። የተከፋ ፊት ነው። ለአያሌው ብቻ የተከፋ እንዳይመስላችሁ። ከአያሌው በፊት የነበረ፣ ገና ማማሰያውና ጠፍሩ ያሉበት መከፋት ነው። በአፌ ለማንም ያልነገርኩት ነገር እዚያ ውኃ ውስጥ ተንጋሎ ያየኛል።

እናቴ ከግድግዳው ወዲያ እየሞተች እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከሦስተኛው ወዲህ ያነሣሁት ለእሷ አልነበረም። ካሜራዋ ፊት ተቀምጬ፣ ቁልፏ እያጉረመረመች፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅሁ፤ «እኔ ብሆንስ? ዋጃ ላይ የቀረሁት እኔ ብሆን እህል ትተይ ነበር? ወይስ ‹ነፍስ ይማር› ብለሽ ጎርሰሽ ትውዪ ነበር?» እንባዬ መጣ። አልጠረግሁትም። ካሜራዋ ቀጭ አለች። ለሰው ላሳያት ብዬ ያላነሣኋት ፎቶ እሷ ናት። አጥቤ ገመድ ላይ ሰቀልኳት፤ በሕይወቴ እውነት የተናገርኩባት እሷ ስለሆነች መጣሉ አልሆነልኝም።

በመጨረሻ አንዲት ደህና ፎቶ ወጣች። ከንፈሬ ገርበብ ያለባት፣ ዓይኔ በፎጣው ጥላ የተሸፈነባት። እርሳሴን ቀርጬ ከዓይኑ ሥር ያለውን ሐዘን ደለልኩት፤ ጉንጩን ትንሽ ሞላሁት፤ ካርቶን ላይ ለጠፍኩት። አያሌውን ሆነ። «አንድ ገበያ ቀን ተደብቆሽ መጥቶ አንሥቼው ነበር፤ ዛሬ ፊልሙን አገኘሁት» ልላት ቃሌን አስተካክዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ምንጣፏ ባዶ ነው። ጨለማው ክፍል በር ተከፍቷል። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እግሯ እየተብረከረከ፣ ገመዱ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ታያለች።

«እማ፣ ያንን ተይው፤ የተበላሸ ነው። ይኸውልሽ፣ አገኘሁልሽ» አልኳት ካርቶኑን ዘርግቼ።

በእጄ ያለውን ዞራ እንኳ አላየችው። እንባ ያለባትን አወረደች።

«ይኸኛው ነው» አለች።

«እሱ አይሆንም እማ። ይኸኛው ላይ ይስቃል። አያሌው እኮ አያለቅስም።»

«አያሌው አያለቅስም» አለች። «አውቃለሁ። ይኸኛው ነው።»

ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አወጣችው። አውራ ጣቷን ፊቱ ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርጋ ጅራፉ ላይ አሳረፈችው። እኔም ያኔ አየሁ። ጅራፉን የያዝኩት በግራዬ ነው። በሁሉም ላይ፣ በካርቶኗም ላይ ሳይቀር፣ በግራዬ። ሮጬ ስቀመጥ እጄ እንደለመደው ያነሣዋል፤ እኔ የማየው ፊቴን ብቻ ነበር። ስንት ሰው ፊት ያሳመርኩ ባለሙያ በገዛ እጄ ተያዝኩ። አያሌው በግራው ዝንብ እንኳ አባርሮ አያውቅም። ይህን ከእናቴና ከእኔ በቀር አሁን በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም።

አወቀች። ማወቋንም አወቅሁ። የቀድሞዋ ዘነበች ብትሆን «አንተ ውሸታም!» ብላ ፊቴ ላይ ትወረውረው ነበር። አውራ ጣቷን እዚያች ግራ እጅ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሰችው፤ የምታጠፋት ይሁን የምታሻት አልገባኝም። ከዚያ «ጌጤን ጥራልኝ። ይለቀስ» አለች።

እትዬ ጌጤ የምታውቃቸውን ሴቶች ሰበሰበች። ከመጠለያውም ለቅሶ ከሆነ ንፍሮ አይጠፋም ብለው ብዙ ሰዎች መጡ። ንፍሮ የለም። የለም ሲባሉም አልሄዱም፤ መቀመጫ አግኝተዋልና ተቀመጡ። አንድ ዘበኛ በትሩን እያወዛወዘ መጥቶ «ትልልቅ ሰዎች በመኪና ያልፋሉ ተብሏል፤ መንገድ ዳር ድምፅ ቀንሱ» አለን። ጌጤ ወገቧን ይዛ «ለሙት ያልጮኽን ለማን ልንጮኽ ነው? እለፍ ወዲያ!» አለችው። ዘበኛውም የሰው ልጅ ነው፤ በትሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ከዳር ቆመ።

እናቴን ሁለት ሴቶች ደግፈው አወጧት። ፎቶውን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሣችው። እኔን፣ እንባዬን፣ ጅራፌን፣ ግራ እጄን። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜአለሁ። ድምፅ ከየት እንዳመጣች እንጃ፤

«ደርሼ መጣሁ ብሎኝ፣ ቀንበሩን ሊያወጣ፣
የዋጃ አፈር ያዘው፣ ተመልሶ እንዳይመጣ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ደረታቸውን ለመምታት አቅም ያላቸው መቱ፤ የሌላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። በአያሌው ስም ስንቱ የየራሱን ሙት እንዳለቀሰ እግዜር ይወቀው። እናቴ ትንፋሿን ሰብስባ ፎቶውን እንደገና አነሣችው፤

«ቀኝ እጄን አፈሩ፣ በላብኝ ሳላየው፣
የመታሁት ግራ፣ ቆሞ ነው የማየው።»

«ወይ ሙሾ!» አለች አንዷ ሴት። ሌሎቹም «እውነት ነው፣ ቀኟ ነበር» እያሉ ተቀበሉ። ሁለተኛውን ስንኝ ማንም አልጠየቀ፤ ሙሾ ነው፤ ለቤት መምቻ የገባ መስሏቸዋል። እኔ ግን የበሩ መድረክ ላይ ተቀመጥኩ። በቁሜ ተለቀሰልኝ። ሠላሳ ዓመት ያልሰማሁትን ቃል ሰማሁ፤ የሰማሁትም ከእኔ ጋር ተነጋግራ ሳይሆን ከወረቀት ጋር ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ በሩ አልዞረችም። ደስ አለኝ። በወንድሜ ለቅሶ ላይ ደስ አለኝ፤ ደስታውም እንደ ኮሶ መረረኝ። ይህን ለመስማት እሱ መሞት ነበረበት?

ያቺ ፎቶ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ናት፤ ጥቁር ጨርቅ በጥግ አድርጌባታለሁ። ሊነሣ የሚገባው ሁሉ ያያትና «ወንድምህ ነው? ቁርጥ አንተን! ነፍስ ይማር» ይለኛል። «አሜን» እላለሁ። ምን ልበል?

ለቅሶው ሲያበቃ እናቴን ምንጣፏ ላይ አሳረፍኳት። ጌጤ ከየት እንዳመጣችው ያልነገረችኝ ግማሽ የማሽላ እንጀራ በበርበሬ ውኃ አርሳ አቀበለችን። ቀኝ እጄ የእናቴን ራስ ደግፏል፤ ስለዚህ ሳላስብበት ጠቅልዬ ያነሣሁት በግራዬ ነው። አፏ ጋ ሳደርስ ነቃሁ። እንደ ሕፃን ደነገጥኩ። ጉርሻውን መልሼ ወደ ቀኝ እጄ አዛወርኩትና ራሷን በግራዬ ደግፌ አጎረስኳት። ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠች። ከዚያ አንገቷን አዙራ ጉንጯ ሥር ያለችውን ግራ እጄን አየቻት።

«ያቺስ?» አለች።

«ማን?»

«ያቺ። አታጎርሰኝም?»

በግራዬ አጎረስኳት። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። ጣቴን ሳይቀር ላሰችው።

ይቅር በለኝ ማለቷ ነው እንዳልል፣ ከስንት ቀን በኋላ እህል የቀመሰች ሰው ናት፤ የሰይጣን ማንኪያም ቢመጣ ትበላ ነበር። ረሃቧ ነው እንዳልል፣ «ያቺስ?» ያለችው እሷ ናት። እጠይቃታለሁ ብዬ ነበር። ትንሽ ትበርታ፣ ትንሽ ሥጋ ትልበስ፣ ከዚያ እጠይቃታለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። መጠለያው ውስጥ የገባው ተቅማጥ የእኛንም ግቢ አንኳኳ። ኅዳር ሚካኤልን ሳታይ ሞተች።

ጌጤ ሴቶቹን ሰበሰበች፤ ያው የሚችሉት መጡ። «ፈንታው፣ ፎቶዋን አውጣ እንጂ» አለችኝ። የቆቦን ሕዝብ ሁሉ ፊት ያነሣሁ ሰው የእናቴን ፊት አላነሣሁም። እሺ ትለኝ እንደነበር እንጃ፤ እኔም በእልህ አልጠየቅኋትም። ጓዳ ገብቼ ያቺን ነጭ ፎቶ አወጣሁ፤ ነጠላዋ ያለበትን፣ ሁለት ጣቶቿና የወንድሜ ጉልበት ያለበትን። በግራ እጄ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ይዤ ወደ ሕዝቡ ወጣሁ። ባዶ ወረቀት ይዤ ሳለቅስ ማንም አልሳቀብኝም። ለመሳቅም አቅም ያስፈልጋል።